ስሙን ያላደሰው ድምፅ

ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ዓመት የወር ደመወዙን ግማሽ አውጥቶ ላፕቶፑ ላይ የሚሰካ ውጫዊ ሳውንድ ካርድ ገዛ። ሻጩ «ይኼን ሳትሰካ ሙዚቃ ሰማሁ እንዳትል» ብሎታል አሉ። ማታ ቤቱ ተሰብስበን ጠበቅን። ሰካው፤ ከፈተው። ያቺ የምናውቃት «እዝዝዝ» የምትል ድምፅ ከነሙሉ ክብሯ ከስፒከሩ ወጣች። ወዳጃችን ዕቃውን ትቶ የሳቅነውን እኛን ተቆጣ። ያን ምሽት የተነሣው ክርክር እስካሁን አልበረደም፦ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ሙዚቃ ለመስማት ይህ ሁሉ ወጪ ያስፈልጋል ወይ? መልሱን ታሪክ ውስጥ መፈለግ ይሻላል ባዮች ነን።

በአንድ ወቅት መልሱ «አዎ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ «ጢጥ» ከማለት ብዙም የማታልፍ አንዲት ትንሽ ስፒከር ነበረችው። በ1989 የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ሳውንድ ብላስተርን አወጣ። ካርዷ ባለ 8 ቢት ነበረች፤ የተቀዳ ድምፅ የምታጫውተውም በሞኖ ብቻ ነው። በ1992 የመጣው ሳውንድ ብላስተር 16 ግን በሲዲ ልክ፣ ማለትም በ16 ቢትና በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ስቴሪዮ ያጫውት ነበር። ያኔ ካርድ መግዛት ቅንጦት አልነበረም፤ ካርድ የሌለው ሰው ሙዚቃም የለውም።

ስለዚች 44,100 ጥቂት እንበል፤ ብዙ ገንዘብ ያለቀው በእርሷ ዙሪያ ነውና። ሶኒና ፊሊፕስ በ1982 ሲዲን ለገበያ ሲያቀርቡ ቁጥሯን የወረሱት ከዚያ በፊት ዲጂታል ድምፅ ይቀዳበት ከነበረው የቪዲዮ ካሴት ነው። መሠረቱ ግን ሒሳብ ነው። ክሎድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ አንድን ድምፅ ሳይጎድል መልሶ ለማግኘት የናሙናው ብዛት ከድምፁ ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ መብለጥ ይበቃዋል። የሰው ጆሮ ቢበዛ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ያም ይቀንሳል። ስለዚህ ሲዲ ገና ሲወለድ ለጆሯችን በቂ ነበር።

እንግዲህ የኮምፒውተር ድምፅ ክፉ ስም ያተረፈው መቼ ነው? ኢንቴል በ1997 ኤሲ 97 የተባለውን ደረጃ አውጥቶ ድምፁ በርካሽ ማዘርቦርዱ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ነው። ኤሲ 97 ዋና ፍጥነቱ 48,000 ስለነበር የሲዲው 44,100 ብዙ ጊዜ በግድ ይለወጥ ነበር፤ አንዳንዱ ቺፕ ይህን የሚሠራው በግዴለሽነት ነው። ማውስ ስናንቀሳቅስ ስፒከሩ የሚያጉረመርምባቸውን ኮምፒውተሮች እኛም እናስታውሳለን። ሐሜቱ ያለ ምክንያት አልመጣም ማለት ነው። በ2004 ግን ራሱ ኢንቴል ኤችዲ ኦዲዮ የተባለውን ተተኪ አመጣ። ጥፋቱ በአብዛኛው ታረመ፤ ስሙ ግን አልታደሰም። ነጋዴው እስከ ዛሬ የሚሸጥልን ያንኑ የድሮ ሐሜት ነው።

«ጆሮ ያለው ሰው ይለየዋል» ለሚሉ ወዳጆቻችንም ታሪክ መልስ አለው። በ2007 ማየርና ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን ከሲዲ የላቀ ነው የተባለለትን ድምፅ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ በሲዲ ልክ አሳልፈው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግሩ አሰሙ። ከ554 ሙከራ በትክክል የተለየው 49.8 በመቶው ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ እንደ መገመት። በ2016 የለንደኑ ጆሹዋ ሪስ የ18 ጥናቶችን ውጤት ደምሮ 52.3 በመቶ አገኘ። ልዩነት አለ ማለት ነው፤ የወር ደመወዝ ግማሽ የሚያህል ግን አይመስለንም።

እኛ ደግሞ የምናጫውተውን እናውቃለን። ጀርመኖቹ በ1995 ኤምፒ3 ብለው የሰየሙት ፋይል በ128 ኪሎቢት ሲታመቅ ከሲዲው መረጃ የሚይዘው አንድ አሥራ አንደኛ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ ስንገዛቸው በኖርናቸው፣ መቶና ከዚያ በላይ ዘፈን በታጨቀባቸው ሲዲዎች ላይ ያሉት የድሮ ዘፈኖች ደግሞ ቅጂው ከተቀዳ ካሴት ላይ የተገለበጡ ነበሩ። የካሴቱን ሽሽታ የትኛውም ካርድ አያነሣውም። ያንኑ ዘፈን ከዋናው ቴፕ በጥንቃቄ ከታተመ ሲዲ የሰማ ሰው ግን ልዩነቱን ለማወቅ ፈተና አያስፈልገውም።

ገንዘብ ያለው ስፒከር ይግዛ፤ ከስፒከር ስፒከር ያለው ልዩነት ለማንም ጆሮ ግልጽ ነው። 300 ኦም የሚጠይቅ ከባድ ሄድፎን ያለው ሰው ማጉያ ቢጨምር አንከራከረውም። ለቀረው ግን አፕል በ2018 በ9 ዶላር ያወጣት አጭር የሄድፎን ገመድ እንኳ በመለኪያ ስትፈተሽ ከሲዲ የማያንስ ድምፅ ሰጥታለች።

የወዳጃችን «እዝዝዝ» ምን ሆነች? ከሦስት ቀን በኋላ መብራት ጠፋ። እርሱ በላፕቶፑ ባትሪ፣ በትንሿ ባለ ባትሪ ስፒከር ሲያዳምጥ ቤቱ ጸጥ አለበት። መብራቱ ተመለሰ፤ ቻርጀሩ እንደተሰካ እዝዝታዋም ተመለሰች። የቤቱ ሶኬት ኧርዝ አልነበረውም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የጠየቀው ከካርዱ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ሳውንድ ካርዱ አሁንም ለሽያጭ ቀርቧል፤ እስካሁን ገዢ አልመጣም።