ቆራሌው ሳይቀድመን

እስኪ ጠጋ በሉ፤ የማወጋችሁ የአንዲት መኪና ነገር ነው። የፔጆ 404።

ከድሬዳዋ ወደ መልካ ጀብዱ ሲወጣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሼዶች ይታያሉ። ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ተመርቆ ሥራ የጀመረው እዚሁ ነው። ኮንቴይነር የጫነው ተሳቢ ይግተለተላል፤ ባጃጁ በመሃል ሹልክ ይላል። በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች አሮጌ ፔጆ ብቅ ካለች ዓይናችሁን ከሷ አትንቀሉ። ከፋብሪካ ከወጣች ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ያውም ሲያንስ።

ቀረብ ብላችሁ እዩአት። ከኋላ ግራና ቀኝ ሾል ያሉ ክንፎች አሏት። ካምቢዮዋ ወለሉ ላይ አይደለም፤ ከመሪው ሥር ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ሦስት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጥባታል። ኮፈኑ ሲነሳ ሞተሩ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደም ብሏል። ላሜራዋ ላይ ስቱኮ በስቱኮ ተደርቧል፤ የኋላ በሯ እጀታ በሽቦ ታስሯል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር የወጣው ገመድ በፕላስተር ተጠቅልሏል። እነዚህን ጥገናዎች ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

እንግዲህ ዘሯን ልንገራችሁ። 404 ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። መልኳን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እስከ 1975 ድረስ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ፣ ያንን የጭቃና የአቧራ ውድድር፣ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች፤ አራት ጊዜ! ሙሽራ መኪና አይደለችም፤ የመንገድ መኪና ናት።

ለድሬ ደግሞ እንግዳ አልነበረችም። ድሬን ከተማ ያደረጋት በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የደረሰው የምድር ባቡር ነው። ሸመንደፈሩ ይዞት የመጣው ሐዲድ ብቻ አልነበረም፤ ፈረንሳይኛውንም፣ ወርክሾፑንም፣ ቶርኖውንም ይዞ መጣ። ፈረንሳይኛ በቢሮም በጋራዥም በሚሰማባት ከተማ ፔጆ ዘመድ ሆነች። ሰፈር ለሰፈር፣ ከመጋላ ከዚራ፣ ከከዚራ ሳቢያን ሰው አመላለሰች። ዝናብ ሲጥል ከሚሞላው፣ ሲደርቅ አሸዋ ብቻ ከሚሆነው ከደቻቱ ወንዝ ማዶና ማዶ ያለውን ሕዝብ አገናኘች። ሐረር ለመድረስም የደንገጎን ዳገት ወጣች። ደንገጎን የወጣ ያውቀዋል፤ ከድሬ ቆላ ተነስቶ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ደጋው ላይ ነው የሚያደርሰው፤ ራዲያተሩ የደከመ መኪና እዚያ ይታወቃል። ሐረር ውስጥማ 404 የከተማዋ መታወቂያ እስከመሆን ደርሳለች፤ ፎቶ አንሺው ሁሉ ከከተማዋ ግንብ ቀጥሎ የሚያነሳው እሷን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህች መኪና ክላሲክ ናት ወይስ ውዳቂ ብረት?

ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ የሚባለው፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ታሪካዊ ተሽከርካሪ ለመባል ቢያንስ 30 ዓመት መሙላት አለባት ይላል። ይሄን አልፋለች። ከታሪኳ ጋር በሚስማማ ይዞታ ተጠብቃ መቆየት አለባት ይላል። እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል። ሦስተኛው መስፈርት ግን የዕለት ተዕለት ማጓጓዣ መሆን የለባትም ይላል። አቦ! የድሬዋ ፔጆ እኮ ማዕረጉን ያጣችው እስከዛሬ ስለሠራች ነው። ሽፋን ለብሳ ጋራዥ ውስጥ የተኛችው ትከበራለች፤ ገበያተኛ ስታጓጉዝ የኖረችው ትወድቃለች። መስፈርቱ ለአውሮፓ ሰብሳቢ ይሁንለት፤ መኪናውን ለእሁድ ሽርሽር ያስቀምጣልና። ለኛ ግን አይሆንም።

ለምን ቢሉ፣ ያዙልኝ ያልኳችሁ ጥገና ነው ምክንያቱ። መለዋወጫው ከገበያ ሲጠፋ የድሬ መካኒክ መኪናዋን አልጣላትም። ያጣውን ቶርኖ ቤት አስቀርጾ ገጠመላት፤ ያም ካልሆነ የሌላ መኪና ዕቃ አመቻችቶ አስገባላት። ይህ እጅ፣ ይህ ብልሃት የትኛው ሙዚየም ውስጥ አለ? ነገ አንድ ባለሀብት ገዝቷት ስቱኮውን ፍቆ፣ ሽቦውን ፈትቶ፣ ከፈረንሳይ ባስመጣው ዕቃ «እንደ አዲስ» ቢያደርጋት የፈረንሳዩን የፔጆ ፋብሪካ የሶሾን ታሪክ መለሰ እንጂ የድሬን ታሪክ አጠፋ። እኔ ቅርስ የምላት ከነጠባሳዋ ነው።

አሮጌ ሁሉ ቅርስ ይሁን አልልም። ጭስ የምትተፋ፣ ፍሬን የሌላት መኪና ሕዝብ ታጓጉዝ ብዬም አልሟገትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ግብሩን ያከበደው፣ በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ተመልከቱ፤ በር የተዘጋው በሚገባው ላይ ነው፤ ቀድሞ የገባው እንዴት ይሸኝ የሚለውን ማን አሰበበት? አዲስ አበባ ላዳ ታክሲዎቿን እያየች እየሸኘቻቸው ነው። የነገሥታቱ አውቶሞቢሎች ቤተ መንግሥት ውስጥ ተወልውለው ለጎብኚ ቆመዋል፤ ደግ ነው። ሕዝቡን የተሸከመችው ታክሲ ግን በኪሎ ተመዝና ወደ ብረት ማቅለጫ ትሄዳለች።

ስለዚህ ለድሬዳዋ አስተዳደርና ለፓርኩ ኃላፊዎች አቤት እላለሁ። ከሼዶቹ የአንዱን ጥግ፣ ወይም የአሮጌው ምድር ባቡር ወርክሾፕ አጠገብ አንድ ጣሪያ ለእነዚህ ፔጆዎች ስጡ። ከድሬ ጥቂት፣ ከሐረር ጥቂት 404 ይቁሙ፤ አጠገባቸውም የሚጠግኗቸው አንጋፋ መካኒኮች ደሞዝ ተቆርጦላቸው ወጣቱን ያስተምሩ። አዲሱ ኢንዱስትሪ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ባለሙያው እዚሁ አለ።

እናንተም ባለንብረቶች፣ ጓሮአችሁ የቆመች ፔጆ ካለች ሊብሬዋን አትጣሉ። ቆራሌው ዋጋ ሲጠራላችሁ እሺ ከማለታችሁ በፊት ሾፌሯን፣ መካኒኳን፣ የሄደችበትን መንገድ በወረቀት ጻፉ፤ በሯን ከፍታችሁም ፎቶ አንሷት።