የጡት ካንሰርና የኬሞቴራፒ ሕክምና ታሪካዊ አመጣጥ

የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ዕብጠቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣላት በኋላ ለወራት የሚቆይ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሲታዘዝላት፣ «በሽታው ከወጣልኝ ወዲያ መድኃኒቱ ለምን አስፈለገ?» ብላ መጠየቋ የተለመደ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሕክምና ሳይንስም ራሱ ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ያገኘው አንድ መቶ ዓመት ገደማ ከደከመ በኋላ ነው። መልሱ የተገኘበትን መንገድ ማወቅ፣ ሕክምናው ለምን እንደሚሰጥና ሳይቋረጥ መፈጸም ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ይጠቅማል።

የጥንቱ አመለካከት

ስለ ጡት ዕብጠት ከሚናገሩት ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ በግብፅ የተገኘው የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ ነው። ይህ ጽሑፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ እንደተገለበጠ ይገመታል። ጸሐፊው በጡት ላይ የሚወጡ ዕብጠቶችን ከገለጸ በኋላ ሕክምና የሌላቸው መሆኑን ያስረዳል። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓመተ ምሕረት የነበረው ሐኪም ጋሌን ደግሞ፣ ካንሰር ከጥቁር ሐሞት መብዛት የሚመጣ የመላ ሰውነት ሕመም ነው ብሎ አስተማረ። ይህ ትምህርት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆይቷል። ስለ ጥቁር ሐሞት የተባለው ስሕተት ቢሆንም፣ በሽታው በአንድ ቦታ ብቻ የተወሰነ አይደለም የሚለው አሳብ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል።

የቀዶ ሕክምና ዘመን

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማደንዘዣና የቁስል ማመርቀዝን የሚከላከሉ ዘዴዎች ከተገኙ ወዲህ ሐኪሞች ሰፊ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ቻሉ። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ሃልስቴድ፣ ጡትን ከሥሩ ካሉት የደረት ጡንቻዎችና ከብብት ንፍፊቶች ጋር አንድ ላይ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1894 የ50 ሕሙማንን ውጤት አሳተሙ። እምነታቸው ካንሰር ከጡት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ አጎራባች አካላት ይዛመታል፤ ስለዚህ ቢላዋው ቀድሞት ከደረሰ በሽታው ከሥሩ ይነቀላል የሚል ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በሽታው በዚያው በደረት ላይ ተመልሶ እንዳይወጣ በእጅጉ ረዳ። ሆኖም ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ካንሰሩ በአጥንት፣ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ወጥቶባቸው ሞቱ። ከሞት የተረፉትም የደረት ጡንቻቸውን ከማጣታቸው ሌላ በክንድ ማበጥ ይሠቃዩ ነበር። እንዲህም ሆኖ ይህ ቀዶ ሕክምና ለሰማንያ ዓመታት ያህል ዋነኛው የሕክምና ዘዴ ሆኖ ቆየ።

ዕብጠቱ ከቀሪው የሰውነት ክፍል ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚያመለክት ማስረጃ ግን ቀደም ብሎ ቀርቦ ነበር። የግላስጎው ከተማ ሐኪም የነበሩት ጆርጅ ቢትሰን፣ ኦቫሪ የተባሉትን የዕንቁላል ማምረቻ አካላት በማውጣት በጣም የገፋ የጡት ካንሰር ሲከስም መመልከታቸውን እ.ኤ.አ. በ1896 ገለጹ። በኋላ የመጣው የሆርሞን ሕክምና መነሻው ይኸው ነው።

ከጦር መርዝ የተገኘ መድኃኒት

ኬሞቴራፒ የተወለደው ከጦርነት ነው። ማስታርድ ጋዝ የተባለው መርዝ እ.ኤ.አ. በ1917 በቤልጅየም ኢፕር በተባለች ከተማ አጠገብ በጦር ሜዳ ከዋለ በኋላ፣ የተጎዱት ወታደሮች ነጭ የደም ሕዋስ እንደሚመናመንና የአጥንት መቅኔያቸው እንደሚደክም ሐኪሞች አስተዋሉ። ፋሺስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1935 እና በ1936 በኢትዮጵያ ሠራዊትና ሕዝብ ላይ ከአውሮፕላን ያዘነበችውም ይህንኑ መርዝ ነበር።

በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን፣ ነጭ የደም ሕዋስን የሚያጠፋ መርዝ ከዚሁ ወገን የሚመጣውን ካንሰርም ሊያጠፋ ይችላል ብለው አሰቡ። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ. በ1942 ናይትሮጅን ማስታርድ የተባለው የዚሁ መርዝ ዘመድ የንፍፊት ካንሰር ላለበት አንድ ሕመምተኛ ተሰጠ። ዕብጠቱ በፍጥነት ቢከስምም ተመልሶ መጣ፤ ሕመምተኛውም ሞተ። ሥራው በጦርነቱ ምክንያት በምስጢር ተይዞ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1946 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ በቦስተን ከተማ የነበሩት ሲድኒ ፋርበር፣ አሚኖፕቴሪን የተባለው መድኃኒት የደም ካንሰር ላለባቸው ሕፃናት ለጊዜውም ቢሆን እፎይታ እንደሰጠ አሳወቁ። ከዚያ በኋላ ሜቶትሬክሴት፣ ፍሎሮዩራሲልና ሳይክሎፎስፋማይድ ተከትለው መጡ።

እነዚህ መድኃኒቶች በተለይ የሚያጠቁት በመከፋፈል ላይ ያለን ሕዋስ ነው። የካንሰር ሕዋስ ያለ ገደብ ስለሚከፋፈል ይጠቃል፤ ነገር ግን የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ልባስ እንዲሁም የአጥንት መቅኔ ሕዋሳትም በፍጥነት ስለሚከፋፈሉ አብረው ይጎዳሉ። የፀጉር መርገፍ፣ የአፍ መቁሰልና ለተላላፊ በሽታ መጋለጥ የሚመጡት ከዚህ የተነሣ ነው። መድኃኒቱ በየሳምንታቱ ልዩነት በዙር የሚሰጠውም ጤነኞቹ ሕዋሳት እንዲያገግሙ ነው።

የሚላኖው ጥናት

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአላባማ የነበሩት ሆዋርድ ስኪፐር የደም ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ አንድ የመድኃኒት መጠን በእያንዳንዱ ጊዜ የሚገድለው የተወሰነ ቁጥር ያላቸውን ሳይሆን የተወሰነ እጅ የሚሆኑትን የካንሰር ሕዋሳት መሆኑን አሳዩ። ስለሆነም መድኃኒቱ ፈጽሞ የማዳን ዕድል የሚኖረው የሕዋሳቱ ቁጥር ገና ትንሽ ሳለ ነው። በፒትስበርግ የነበሩት በርናርድ ፊሸር በበኩላቸው፣ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ዕብጠቱ ገና ሳይታወቅ በደም በኩል ወደ ሌላ አካል ሊሄዱ ይችላሉ ብለው ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሟቸው ጥናቶችም ሰፊው ቀዶ ሕክምና ከአነስተኛው ይበልጥ ዕድሜ እንደማያራዝም አረጋገጡ።

እነዚህን ሁለት አሳቦች አዋሕደው በተግባር ከፈተኑት መካከል ጣሊያናዊው ጃኒ ቦናዶና ግንባር ቀደም ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሚላኖ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም፣ ካንሰሩ ወደ ብብት ንፍፊት የደረሰባቸው 386 ሴቶች ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሁለት ተከፈሉ። ለ207ቱ ሦስቱ መድኃኒቶች፣ ማለትም ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ሜቶትሬክሴትና ፍሎሮዩራሲል፣ በአንድነት ተሰጡ፤ ለ179ኙ ግን ተጨማሪ መድኃኒት አልተሰጠም። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የመጀመሪያ ውጤት፣ መድኃኒት ካልወሰዱት መካከል በሽታው የተመለሰባቸው 24 በመቶ ሲሆኑ፣ ከወሰዱት መካከል ግን 5.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጊዜው በረዘመ ቁጥር በሁለቱም ወገን በሽታው የተመለሰባቸው ሴቶች ቁጥር ቢጨምርም፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የ20 ዓመት ክትትል ጥቅሙ እንዳልጠፋ አሳይቷል።

ከዚህ ጥናት የተገኘ ሌላም ትምህርት አለ። ቦናዶናና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1981 እንደገለጹት፣ ከታቀደው መጠን 85 በመቶውንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ሴቶች ከሁሉ የተሻለ ውጤት ሲያገኙ፣ ከ65 በመቶ በታች የወሰዱት ግን መድኃኒት ካልተሰጣቸው ብዙም አልተለዩም። በሌላ በኩል መጠኑን ከልክ በላይ ማብዛትም አልጠቀመም። በ1990ዎቹ ከመቅኔ ንቅለ ተከላ ጋር ይሰጥ የነበረው እጅግ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞቴራፒ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በቀረቡት አብዛኞቹ ጥናቶች ብልጫ አላሳየም። ጎልቶ የሚታይ ጥቅም አሳይቷል ተብሎ የቀረበው የደቡብ አፍሪካ ጥናትም ሐሰተኛ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2000 ተጋለጠ።

መርዙን ወደ ዒላማው ማድረስ

ከዚያ በኋላ የታየው እድገት መድኃኒቱን ከበሽታው ዓይነት ጋር በማዛመድ ላይ ያተኮረ ነው። ታሞክሲፈን በሆርሞን ለሚያድገው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደው ትራስቱዙማብ ደግሞ ሄር-2 የተባለው ፕሮቲን ለሚበዛበት የጡት ካንሰር ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሞሪስ ኩፕቻን የተባሉት አሜሪካዊ ኬሚስት፣ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበና ከአጣጥ ወገን ከሆነ ቁጥቋጦ ሜይታንሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ለይተው አወጡ። መርዙ ብቻውን ሲሞከር ጉዳቱ ስለበዛ ተተወ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን የዚሁ ተወላጅ የሆነ ንጥረ ነገር ከትራስቱዙማብ ጋር ተጣምሮ ወደ ካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ እንዲገባ ተደረገና፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ለጡት ካንሰር ሕክምና በአሜሪካ ተፈቀደ።

ታሪኩ ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች የጡት ካንሰር በብዛት ቀዳሚ ነው። ብዙዎቹ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው፤ ሕክምናውን ጀምረው በገንዘብ እጥረት፣ በመንገድ ርቀት ወይም «ድኛለሁ» በማለት የሚያቋርጡም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዕቅድ፣ ከሕሙማኑ 60 በመቶው በሽታው ሳይገፋ እንዲታወቅላቸው፣ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅና 80 በመቶው ሕክምናቸውን እንዲፈጽሙ ግብ አስቀምጧል። የሚላኖው ጥናት መድኃኒቶች በድርጅቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ እንጂ ብርቅ አይደሉም። ስለሆነም ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው የሚታየውን ዕብጠት፣ ኬሞቴራፒው ደግሞ የማይታየውን ቅሪት ለማጥፋት እንደሚሰጥ ለሕመምተኛዋና ለቤተሰቧ ከመጀመሪያው ቀን ማስረዳት ይኖርበታል። ግማሽ ላይ የተቋረጠ ሕክምና ሥቃዩን ሙሉ አድርጎ ጥቅሙን የሚያጎድል መሆኑም አብሮ ሊነገራት ይገባል።