በዝዋይ ሐይቅ ላይ በታንኳ መጓዝ፤ ደስታውና ጣጣው በታሪክ ዓይን

የኢትዮጵያን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የዝዋይን ሐይቅ ሲያነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት በመከራ ዘመን የተሰደዱ ክርስቲያኖች በደሴቶቹ ስለ መጠለላቸው ነው። ስደተኞቹ ውሃውን በምን እንደ ተሻገሩ፣ ከተሻገሩም በኋላ ልጅ ልጆቻቸው ለገበያና ለዘመድ ጥየቃ እንዴት ይመላለሱ እንደ ነበር ግን እምብዛም አይጠየቅም። እኛም በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ስለ ታንኳው ጥቂት ለማቅረብ እንሞክራለን። አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፤ የዛይ ሕዝብ ታሪክ የተጠበቀው በውሃው ብቻ ሳይሆን ውሃውን መሻገር አስቸጋሪ በመሆኑ ነው።

እኛ የአዳማ ልጆች ነን። ከተማችን ከባቡር ሐዲድ ጋር የተወለደች ናት፤ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማም ከመስመሩ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ስለዚህ ጉዞ ሲባል በአሳባችን የሚመጣው ባቡርና መኪና ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለንም በእንግሊዝኛው የንባብ መጽሐፍ ስለ ቴምዝ ወንዝ ጀልባዎች ተምረናል፤ ከቤታችን በመኪና ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ ስለሚገኘው ታንኳ ግን ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ይህን ጉድለት ለመሙላት በሞጆ በኩል ዞረን፣ በ1952 ዓ.ም. ግድቡ በተጠናቀቀው በቆቃ አጠገብ አልፈን፣ መቂን ተሻግረን ዛሬ ባቱ ወደምትባለው ወደ ዝዋይ ከተማ ወረድን። ከዚያም በሐይቁ ዳር ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ መንደር ሄድን።

ኦሮሞዎች ደምበል የሚሉት ይህ ሐይቅ ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመቂና የከታር ወንዞች ይገቡበታል፤ የቡልቡላ ወንዝም ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይፈሳል። መግቢያም መውጫም ስላለው ውሃው እንደ አብያታና እንደ ሻላ ጨዋማ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ለታንኳ ነገር ዋናው ጥልቀቱ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በአብዛኛው ቦታ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። አምስት ደሴቶች አሉት፤ እነርሱም ቱሉ ጉዶ ወይም ደብረ ጽዮን፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው።

አስቀድመን ስለ ደስታው እንናገር። በማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ሐይቁ እንደ ተዘረጋ ሸማ ጸጥ ይላል። ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ነጫጭ ወፎች የዓሣ አጥማጆቹን ታንኳ እየተከተሉ ይንሳፈፋሉ። ከደንገል የታሰረው ታንኳ በውሃው ላይ ሲሄድ ድምፅ የለውም፤ ቀዛፊውም ጥልቀት በሌለበት ስፍራ ረጅም እንጨት እየተከለ ይገፋዋል። ታንኳው እንደ እንጨት ጀልባ ሆድ ስለሌለው ውሃ ሞልቶት አይሰጥምም፤ የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ነውና። ከውሃው መካከል ሆኖ የየብሱን ተራራዎች ዙሪያውን ማየትም በመኪና መስኮት የማይገኝ ደስታ ነው።

ጣጣው ግን ከደስታው አያንስም። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ወደ የብስ ተስቦ ፀሐይ ሊመታው ይገባል፤ እንዲህም ተደርጎለት ዕድሜው ረጅም አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ በአዲስ መተካት አለበት። ሁለተኛው ችግር ነፋሱ ነው። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ ማዕበሉም አጭርና ተደጋጋሚ ሆኖ ታንኳውን ከሥር ይደበድበዋል። እኛ ወደ ቱሉ ጉዶ የተሻገርነው በሞተር ጀልባ ነበር፤ ሆኖም ስንመለስ ከቀትር በኋላ የተነሣው ነፋስ ልብሳችንን አርሶ፣ ማስታወሻ ደብተራችንንም አበላሽቶብናል። ባለ ጀልባው ሽማግሌ ገና በጠዋት እንድንቸኩል መክረውን ነበር፤ እኛ ግን ደሴቲቱን ስንዞር ቆይተን ምክራቸውን ዘነጋን። ከዚህም ሌላ ጉማሬ አለ፤ በዳርቻው ትንኝ አለ፤ በጥልቀት አልባው ውሃ ውስጥ ቆሞ ጀልባ ለሚገፋ ሰው ደግሞ ቢልሃርዚያ ያስፈራል።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1521 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር ድል ያደረገበት ሽምብራ ኩሬ የሚገኘው በሞጆ አካባቢ ነው፤ ይኸውም ከሐይቁ ብዙ የራቀ አይደለም። በፈረስና በእግር ለሚዋጋ ሠራዊት ግን ያ ደካማ የደንገል እስር፣ ያም ከቀትር በኋላ የሚነሣ ማዕበል ታላቅ እንቅፋት ነው። ነፋሱን የሚያውቅ ያልፋል፤ የማያውቅ ይቀራል። ለእኛ ጣጣ የሆነብን ሁሉ ለደሴቶቹ ሰዎች ቅጥር ሆኗቸው ነበር ማለት ነው።

በቱሉ ጉዶ የሚነገረው ትውፊት ከዚህም ወደ ኋላ ይሄዳል። በዮዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ይዘው በመምጣት 70 ዓመት ያህል በደሴቲቱ እንዳኖሯት ይተረካል። ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም እስከ ዛሬ በዚያ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ የታሪክ ተማሪ ትውፊትን ሲያከብር ሌላውንም ምስክር መስማት አለበት። የዛይ ቋንቋ ሴማዊ ሆኖ ሳለ፣ የቅርብ ዘመዶቹ ግእዝና ትግርኛ ሳይሆኑ ስልጥኛና ሐረሪ ናቸው። ስለዚህ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከአክሱም መጣ ከማለት ይልቅ፣ በተለያየ ዘመን ከተለያየ ስፍራ የመጡ ሰዎች በደሴቶቹ ተገናኙ ማለት የሚሻል ይመስለናል። የካህናቱ ትውፊት በዚህ አይፈርስም፤ ነገር ግን የታሪኩ ሙሉ ገጽ እርሱ ብቻ አይደለም።

አንዳንዶች ደሴቶቹ በሩ እንደ ተዘጋ ቤት እንደ ነበሩ አድርገው ይጽፋሉ። ይህ እውነት አይመስለንም። የደሴቶቹ ሰዎች ተዳፋቱን በእርከን እየከለሉ ቢያርሱም መሬቱ ጠባብ ነው። ዓሣ አጥማጆችና ሸማኔዎች እንደ መሆናቸው፣ እጃቸው የሠራውን በየብሱ ካለው ምርት ጋር መለወጥ ነበረባቸው። ከዳር ካሉት የአርሲና የሌሎች ኦሮሞዎች ጋር ሲገበያዩ ኦሮምኛን ለመዱ፤ ከደሴቶቹ ትልቋም ዛሬ በስፋት የምትጠራው በኦሮምኛ ስሟ ነው፤ ቱሉ ጉዶ ማለት ትልቅ ተራራ ማለት ነውና። እንግዲህ ታንኳው ለጠላት ቅጥር፣ ለገበያተኛ ግን በር ነበረ።

በ1878 ዓ.ም. የምኒልክ ሠራዊት በአርሲ ላይ ያካሄደው ብርቱ ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ ከደሴቶቹ ብዙዎች ወደ የብስ እየወጡ ሰፈሩ። የቀድሞው ጣጣ ቀለለ፤ በኋላም የሞተር ጀልባ መጣ። ይህ መልካም ነው፤ በሌሊት የታመመች እናት ነፋሱ እስኪበርድ እንድትጠብቅ የሚመኝ ሰው የለም። ሆኖም ቅጥሩ ሲነሣ በውስጡ የተጠበቀውም ተጋልጧል። የዛይን ቋንቋ የሚናገሩት ጥቂት ሺህ ሰዎች ናቸው፤ ገበያውና ትምህርት ቤቱም በሌላ ቋንቋ ነው። ሐይቁም ራሱ ተቸግሯል፤ ውሃው ለመስኖ ይሳባል፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በቆቃ የታየው እምቦጭ በዝዋይም ተገኝቷል።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች የምናቀርበው አሳብ ትንሽና ሊሠራ የሚችል ነው። የብራና መጻሕፍቱ ጠባቂ ካህናት አሏቸው። ደንገሉን የማሰር ጥበብ፣ የነፋሶቹ ስም፣ የታንኳ ማሰሪያ ስፍራዎችና በየስፍራው የሚነገረው ታሪክ ግን በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ይገኛል። ከእኛ መካከል ኦሮምኛ የሚያውቁ ብዙ ናቸው፤ ዛይኛ የሚናገርም አይጠፋም። በዕረፍት ወራት ሁለት ሁለት ሆነን ብንሄድ፣ የሰማነውንም በሚገባ ብንጽፍ ለኋለኛው ተመራማሪ ስንቅ ይሆናል። ታዲያ የሚሄድ ሁሉ ደብተሩን በላስቲክ ይጠቅልል፤ ከቀትር በፊትም ይመለስ።