ከሐይቁ ሥር ያለችው መንደር

በፈረንሳይ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ሳቮዋ በተሰኘው የአልፕስ ተራሮች ምድር፣ ቲኝ የምትባል ስመ ጥር የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ አለች። በበረዶው ወራት ጎብኚ ከየአገሩ ይጎርፍባታል። ወደ እርሷ የሚወጣው መንገድ ታዲያ በአንድ ግዙፍ ግድብ አናት ላይ ያልፋል። ከግድቡ ጀርባ የተንጣለለው ሐይቅ ሸቭሪል ይባላል፤ ከሐይቁ ሥር ያረፈችው ደግሞ የቀደመችው ቲኝ ናት።

ያቺ ቲኝ በኢዜር ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ ቤተ ክርስቲያንና የድንጋይ ቤቶች የነበሯት የከብት አርቢዎች መንደር ነበረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ፈረንሳይ የኤሌክትሪክ ኃይል እጅግ አስፈለጋት፤ ኢዜርንም 180 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ልታግደው ቆረጠች። የመንደሩ ሰዎች አቤት አሉ፤ ሰሚ ግን አላገኙም። በ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አንወጣም ያሉትን ለማስወጣት አድማ በታኝ ፖሊስ ተላከ፤ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ውሃውም ሞላ። በዓመቱ ፕሬዚዳንት ቬንሳን ኦርዮል ግድቡን መርቀው ከፈቱ።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው የመቃብሩ ነገር ነው። ውሃው ሳይደርስ የሙታኑ አፅም ተቆፍሮ ወጥቶ ወደ ሌላ መካነ መቃብር ፈለሰ። ሕያዋን ሲሰደዱ ብዙ ሰምተናል፤ በቲኝ ግን ሙታንም ተሰደዱ።

እኔ ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ሒሳብ የማወራርድ ሰው ነኝ። የቤትና የመሬት ካሳ እንዴት እንደሚሰላ አላጣሁትም። እትብት የተቀበረበት አፈር ግን በየትኛው መዝገብ፣ በስንት ብር ይያዛል?

ይሁንና ታሪኩ በዚህ አላበቃም። የቀድሞዋን ቤተ ክርስቲያን የምትመስል ሌላ ቤተ ክርስቲያን ከሐይቁ በላይ ታነጸች። በ2,100 ሜትር ከፍታ ላይም አዲሲቱ ቲኝ ተቆረቆረች፤ በ1992ቱ የአልበርትቪል የክረምት ኦሎምፒክ ውድድር እስከ ማስተናገድ ደረሰች። ከሐይቁ በላይ በመሆኗ ከመስጠም የተረፈችው ጎረቤቷ ቫል ዲዜር ደግሞ በ1968 በግሬኖብል ሦስት ወርቅ ያጠለቀውን ዣን ክሎድ ኪሊን ያሳደገች ናት።

ግድቡን ለመፈተሽ ሐይቁ በተራቆተባቸው ጊዜያት የአሮጌይቱ መንደር ፍርስራሽ ከጭቃው ብቅ ብሎ ታይቷል። ሸርተቴውን ይዞ ወደ ላይ የሚጣደፈው እንግዳ በግድቡ ላይ ሲያልፍ ለአፍታ ቢቆም ምናለ? ከበታቹ የሰው ደጃፍ አለ።