ዱዋል ቡት

ዱዋል ቡት በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ስርዓተ ክወናዎችን ወይም ኦፕሬቲንግ ሲስተሞችን ጎን ለጎን መጫን ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ተጠቃሚው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩም። ወደ ሌላው ለመዛወር ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሳት ያስፈልጋል። በጣም የተለመደው ዓይነት ዊንዶውስ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስን፣ ለምሳሌ ኡቡንቱን፣ መጨመር ነው።

ጥቅሙ

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ለአማርኛ ጽሑፍ የሚሠራበት ፓወር ግዕዝ የተዘጋጀው ለዊንዶውስ ነው። በሌላ በኩል የፕሮግራሚንግ፣ የኔትወርክና የሰርቨር ትምህርቶች ብዙ ጊዜ ሊኑክስን ይፈልጋሉ። ዱዋል ቡት ሁለቱንም ያስችላል። ሌላው ምክንያት የኮምፒዩተር እርጅና ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ የቆዩ ላፕቶፖችን አይቀበልም። ሊኑክስ ግን በእነዚህ ላይ ይሠራል፣ የደህንነት ማሻሻያም ያገኛል።

አሠራሩ

ሃርድ ዲስክ ፓርቲሽን ተብለው በሚጠሩ ክፍሎች ይከፈላል። እያንዳንዱ ስርዓተ ክወና የራሱን ክፍል ይይዛል። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ቡት ሎደር የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ዝርዝር ያቀርባል። በሊኑክስ የተለመደው ቡት ሎደር እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ግራብ ነው። ሊኑክስ የዊንዶውስን ክፍሎች ማንበብ ይችላል፤ ዊንዶውስ ግን የሊኑክስን ክፍል በራሱ አያነብም። ስለዚህ ሁለቱም የሚጠቀሙበት ፋይል በዊንዶውስ ክፍል ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ከመጫን በፊት

ዋናው አደጋ የፋይል መጥፋት ነው። ዊንዶውስ ፎርማት ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው «ሲ» ብቻ ስለሆነ፣ በ«ዲ» ላይ ያለ ፋይል ምንጊዜም አይነካም የሚል ልማድ አለ። ይህ ሊኑክስ ሲጫን አይሠራም። «ሲ» እና «ዲ» የአንድ ዲስክ ክፍሎች ከሆኑ፣ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ መጫን የሚለው አማራጭ ሁለቱንም ያጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ፎቶና የሥራ ሰነድ አስቀድሞ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ መገልበጥ አለበት።

ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥሩን ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። የአነሳስ ቅንብሩ ሲቀየር ዊንዶውስ ቁጥሩን ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁጥሩ ከሌለ ፋይሎቹ አይከፈቱም። የመብራት መቋረጥም ክፍፍሉ በሚካሄድበት ጊዜ ዲስኩን ሊያበላሽ ስለሚችል ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀር ላይ መሆን አለበት። እንደ አቀስታና መካነ ሰላም ባሉ የደቡብ ወሎ ደጋ ከተሞች የተበላሸን ዲስክ ለባለሙያ ለማሳየት ደሴ ድረስ መጓዝ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ይህ ጥንቃቄ የበለጠ ይጠቅማል።

አጫጫን

1. የኡቡንቱ ፋይል ይወርዳል። የአዳዲሶቹ እትሞች መጠን ከ5 ጊጋባይት በላይ በመሆኑ አንድ ሰው ያወረደውን ለሌሎች በፍላሽ ማካፈል ይቻላል፤ ፈቃዱም ይህን ይፈቅዳል።

2. እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም ፋይሉ ባዶ ፍላሽ ላይ ይዘጋጃል። በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

3. በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ «ሲ» ወይም «ዲ» ተቀንሶ ቢያንስ 25 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይተዋል። ፋስት ስታርታፕ የሚባለው ቅንብርም ይዘጋል፤ ካልተዘጋ ሊኑክስ በዊንዶውስ ክፍሎች ላይ መጻፍ ላይችል ይችላል።

4. ኮምፒዩተሩ ከፍላሹ ይነሳል። ኡቡንቱ ሳይጫን መሞከር ስለሚቻል ዋይፋዩ፣ ድምፁና ስክሪኑ መሥራታቸው በዚህ ጊዜ ይታያል።

5. ከዊንዶውስ ጎን መጫን የሚለው አማራጭ ይመረጣል። ይህ አማራጭ ካልመጣ አቋርጦ ምክንያቱን ማጣራት እንጂ የማጥፋቱን አማራጭ መምረጥ አይገባም።

ከተጫነ በኋላ

ዊንዶውስ የኮምፒዩተሩን የውስጥ ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል፤ ሊኑክስ ግን እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ይይዘዋል። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ዊንዶውስ 1 ሰዓት ሊያሳይ ይችላል። ይህ የባትሪ ብልሽት አይደለም። ሊኑክስ የአካባቢ ሰዓት እንዲጠቀም ማዘዝ ችግሩን ይፈታል።

በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በሁለቱም በኩል ይነበባል፤ በዊንዶውስ ኒያላ ወይም ኤብሪማ፣ በሊኑክስ አቢሲኒካ ፊደሉን ያሳያሉ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ግን ፎንቱ በሌለበት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል።

ሊኑክስን ማስወገድ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ በኮምፒዩተሩ የአነሳስ ቅንብር ዊንዶውስን ቀዳሚ ማድረግ፣ ከዚያ የሊኑክስን ክፍል መሰረዝ ይኖርበታል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ኮምፒዩተሩ በግራብ ጥቁር ገጽ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ዊንዶውሱና ፋይሎቹ ግን በቦታቸው ናቸው፣ ቅንብሩን በማስተካከልም ይመለሳሉ።