የቀለብ ነገር

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ዓምና አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ትቀር ነበር። አንድ ቀን ልጆቹ ፊት ተቆጣኋት። ምንም አልመለሰችም። በዕረፍት ሰዓት መጥታ «ቲቸር፣ እማዬ ማንበብ ስለማትችል ፍርድ ቤት አብሬያት እየሄድኩ ነው» አለችኝ። ጉዳዩ ቀለብ ነው። ኬጂ እያለች በወር 400 ብር ተወሰነላት፤ 10ኛ ክፍል ስትደርስም ያው 400 ብር። እናትየው «ዳኛ የወሰነው አይነካም» ብላ ኖራለች። አፈርኩ። የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ የዚህን ነገር ታሪክ ግን አላውቀውም ነበር።

ቀለብ ድሮ ጌታ ለወታደሩና ለአገልጋዩ የሚሰፍረው እህል ነበር። ባልና ሚስት ሲለያዩ የልጁን ነገር የሚጨርሱት ሽማግሌዎች ናቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲታወጅ ቀለብ በጽሑፍ ሕግ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ አገኘ፤ ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስና ጤና ተብሎ ተዘረዘረ። ፍቺው ግን አሁንም በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) ፍቺን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ በቀለቡ ዝርዝር ላይም ትምህርትን ጨመረ። ለእኛ ለአስተማሪዎች ይቺ አንዲት ቃል ትልቅ ነገር ናት።

ሕጉ መጠኑን የሚለካው በሁለት ነገር ነው፦ በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም። ሁለቱም ስለሚለዋወጡ ውሳኔውም ይለወጣል። እናት ኑሮ ሲወደድ፣ አባትም ሥራ ሲያጣ ይሻሻልልኝ ብለው ማመልከት ይችላሉ። ችግሩ፣ ብሩ በራሱ አያድግም። ካላመለከትሽ 400 ብር 400 ብር ሆኖ ይቀራል። የ1952ቱ ሕግ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ ይቀራል የሚል አንቀጽ ነበረው። ዝም ያለ ሰው አልቸገረውም ብሎ ያሰበ ይመስላል። እኛ ሰፈር ግን ሰው ዝም የሚለው ስለማያውቅ፣ ስለሚያፍር፣ የታክሲ ስለሌለው ነው።

ማስፈጸሙስ? ውሳኔው ወረቀት ነው። አልከፍልም ካለ የውሳኔውን ግልባጭ ይዞ የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት ያስፈልጋል። ሰውየው ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤት ለመሥሪያ ቤቱ ይጽፋል፣ ከደመወዙ ይቆረጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በጠቅላላው ከሲሶ አይበልጥም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ያስከትላል።

ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ በደንብ የሚሠራው ደመወዝ ላለው ነው። ድሮ ወታደሩ ግንባር ሲዘምት ለቤተሰቡ ተቆራጭ ይተው ነበር፤ መዝገብ ላይ ስላለ ይቻላል። ለቡ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ የሚሠራውን፣ ደላላውን፣ ሚኒባስ የሚነዳውን ግን በየትኛው ደብዳቤ ትደርስበታለህ? ገቢውንና ንብረቱን አፈላልጋ የምታሳየው እናትየዋ ናት፤ ያቺው ማንበብ የማትችለው እናት፣ ከነልጇ። ሕጉ 1952ንም 1992ንም አልፎ መጥቷል፤ ሸክሙ ግን ከእሷ ትከሻ ገና አልወረደም።

ተማሪዬ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት። መጠኑ ተሻሽሎላታል። አባትየው ግን መሥሪያ ቤቱን ለቆ የግል ሥራ ጀምሯል፤ መዝገቡ እስካሁን አልተዘጋም። አሁን ስትቀር አልቆጣም፤ የዕለቱን ኖት አስቀምጥላታለሁ።

አጠገባችሁ «ዳኛ የወሰነው አይነካም» የምትል እናት ካለች፣ እባካችሁ እንደሚነካ ንገሯት። ማንበብ ካልቻለችም አንድ ቀን አብራችኋት ሂዱ፤ ልጇ ከትምህርት ቤት አትቅር።