ቼሪ የለም

የ9ኛ ክፍል ተማሪ እያለሁ አንድ የቃላት ደብተር ነበረችኝ። ገጹን በማስመሪያ ለሦስት ከፍዬዋለሁ፤ ቃል፣ ፍቺ፣ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር። ሚዛን ተፈሪ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ባዮሎጂ ከማጥናታችን በፊት የባዮሎጂን ቃላት እናጠናለን። ቤት ውስጥ ቤንችኛ፣ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ሰሌዳው ላይ እንግሊዝኛ።

ቃሉንና ፍቺውን ከመዝገበ ቃላት እገለብጣለሁ። ሦስተኛው ዓምድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ስንፍና ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

አንድ ቀን አጎቴ ቤት ቡና ሊያይ የውጭ ሰው መጣ። "አንተ ልጅ፣ ና እስቲ አስተርጉም" ተባልኩ። ሰውየው "ቼሪ አላችሁ?" ሲል ጠየቀኝ። ደብተሬ ትዝ አለችኝ፦ ትንሽ፣ ክብ፣ ቀይ፣ መሃሉ ጠጣር ፍሬ ያለው የፈረንጅ አገር ፍራፍሬ። "ቼሪ የለም" አልኩት፣ በኩራት። አመስግኖ ወደ ጎረቤት ሄደ። ጓሯችን ውስጥ ጠዋት የተለቀመ እሸት ቡና ሞልቷል። ለካ ፈረንጆቹ ቼሪ የሚሉት እሸቱን ነው! አጎቴ ነገሩ ሲገባው አልተቆጣም፤ ዝም አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እነዚህን መጻሕፍት ማን እንደሚጽፋቸው ማጣራት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ጃፓን ውስጥ ያስተምር ነበር። እሱና ሁለት ባልደረቦቹ ለቋንቋው ተማሪዎች ያዘጋጁት መዝገበ ቃላት በ1942 ቶኪዮ ላይ ታተመ፤ በ1948 ኦክስፎርድ አሳተመው። ልዩ የሚያደርገው ቃሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ማሳየቱ ነው። ማለትም እኔ ባዶ የተውኩት ዓምድ የመጽሐፉ ዋና ሥራ ነበር።

እኛ አገር 1973 ትልቅ ዓመት ነው። አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት አዲስ አበባ ላይ ታተመ። በዚያው ዓመት የቮልፍ ሌስላው ጀርመን አገር ወጣ፤ ይኼኛው እንግሊዝኛውን ቃል በዓረፍተ ነገር አስገብቶ፣ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ይፈታዋል። ለእኔ የሌስላው ይበልጣል። የአንድ ቃል ትርጉም የሚገኘው ከጎረቤቶቹ ነው። ሆኖም ሁለቱም እስከ አማርኛ ነው የሚያደርሱህ። ከአማርኛ ወደ ቤንችኛ ያለውን መንገድ ራስህ ትሄዳለህ።

ከቼሪ የባሰ ደግሞ አለ፤ ጌሻ። ከእኛ ብዙም የማይርቅ አገር ነው። በ1930ዎቹ ከዚያ አካባቢ ደን የተወሰደ የቡና ዘር ኬንያና ታንዛኒያ ደረሰ፤ በ1953 ኮስታሪካ፣ በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። በ2004 የፓናማን የቡና ውድድር አሸንፎ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ። ስሙን ግን መንገድ ላይ አጣመውት "ጌይሻ" ሆኗል፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከጃፓንኛው ቃል ጋር አንድ ነው። መዝገበ ቃላት ግለጥና እይ፦ በሙዚቃ፣ በጭፈራና በጨዋታ እንግዳ የምታስተናግድ ጃፓናዊት። ስለ ቡናው ዝም።

ደብተሯ አሁንም አለች። የቼሪን ሦስተኛ ዓምድ ከዓመታት በኋላ ሞላሁት፦ "አጎቴ ጠዋት የለቀመውን ቼሪ ከሰዓት በኋላ አልጋ ላይ አሰጣው።" ለአጎቴ በቤንችኛ ነገርኩት። "ያን ጊዜ አታውቀውም ነበር?" አለኝ።